ሰባ አንድ ቁጥር ሲዘጋ

ባለፈው ወር ሄለን ደወለችልኝ። ሄለን ማለት ፌርፋክስ መንገድ ላይ ያለው ምግብ ቤት ባለቤት፣ የነፍስ ኄር የእትዬ ብርቄ ልጅ ናት። «ጋሼ ዘውዱ፣ ቻናላችሁ ሊዘጋ ነው» አለችኝ፣ ዘመድ የሞተብኝ ይመስል ድምጿን ዝቅ አድርጋ። የትኛው ቻናል ብዬ አልጠየቅኋትም። እኔም ጓደኛዬ ሽፈራውም፣ ያኔ ፌርፋክስ ላይ የምንሰበሰበው ሁሉ፣ «ቻናላችን» ያልነው አንድ ብቻ ነው፤ የኬብሉ የስፖርት ጣቢያ፣ ሰባ አንድ ቁጥር። የራሱ ስም ነበረው፤ እንዲያውም ሦስት ጊዜ ስም ለውጧል። ባለቤት በተለወጠ ቁጥር አርማውም ቀለሙም ይለወጣል። እኛ ግን ከሰባ አንድ ሌላ ስም ሰጥተነው አናውቅም። አሁን ከስክሪኑ ሥር ቢጫ ጽሑፍ ይሮጣል አለችኝ፤ በወሩ መጨረሻ ያበቃል፣ ከዚያ በኋላ የፈለገ በስልኩ አፕ አውርዶ ይከታተል ይላል። ለመሰናበቻ ሳምንቱን ሙሉ የድሮ ውድድሮች ያሳያሉ። «ቅዳሜ ምሳ ሰዓት ላይ ያንን አሥር ሺህ ሜትር ያሳዩታል፤ እማዬ ታወራው የነበረውን። ጋሼ ሽፈራውንም ነግሬዋለሁ፣ ይመጣል። ሶ፣ ጠረጴዛችሁን ሪዘርቭ አደርግላችኋለሁ፣ ኦኬ?» ኦኬ አልኳትና ስልኩን ዘጋሁ። አንድ እግሬ ጫማ ውስጥ፣ አንዱ ውጭ እንደሆነ አልጋዬ ጫፍ ላይ ስንት ሰዓት እንደተቀመጥኩ እንጃ።

ይህን ጣቢያ ከውልደቱ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ግን የማውቀው ከሥር ነው፣ ከምድር ቤቱ። ዳውንታውን ውስጥ ጣቢያው የተከራየበት ሕንፃ ሥር ያለው ፓርኪንግ ውስጥ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። ስገባ የሰጡኝ ሸሚዝ ከእኔ በፊት የነበረው ሰውዬ ሸሚዝ ነው፤ ደረቱ ላይ «ማኑኤል» የሚል ስም በቀይ ክር ተጠልፎበታል። ሌላ እናሰፋልሃለን አሉኝ፣ አላሰፉም። እንዲህ ሆኖ ለሰባ አንድ ቁጥር ሰዎች እስከ መጨረሻው ማኑኤል ሆኜ ቀረሁ። ሌላው ሰው የአንድን ጣቢያ ታሪክ በፕሮግራሙ ይናገር ይሆናል፣ እኔ በመኪናዎቹ ነው የማውቀው። ሲጀምሩ አራተኛ ፎቅ ላይ አራት ክፍልና ጣሪያው ላይ አንድ ትልቅ ዲሽ ነበራቸው፤ መኪናዎቻቸው ጎናቸው የተላላጠ፣ መስኮታቸው በፕላስቲክ የተለጠፈ። የሥራ አስኪያጁ መኪና ኮፈኗ የሚዘጋው በገመድ ታስሮ ነው። የሚያሳዩትም ሌላው ጣቢያ ያልፈለገውን ነው፤ ቦውሊንግ፣ ዓሣ ማጥመድ፣ ሁለት ወፋፍራም ሰዎች ጠረጴዛ ላይ ክንድ ሲታገሉ፣ አምስት ዓመት ያለፈው ቡጢ። ቀጥለው ርካሽ ነው ብለው የውጭ አገር ኳስና የአውሮፓ አትሌቲክስ ገዙ። አሜሪካኑ ለዚያ ደንታም የለው። ለካስ እኛ አለን፣ ኬንያው አለ፣ ናይጄሪያው አለ፤ ከተማው ውስጥ መኪና የሚያቆመው፣ ታክሲ የሚነዳው፣ የሰው ሽማግሌ የሚያጥበው ሁሉ ሰባ አንድ ቁጥርን ማስገባት ጀመረ። ያን ዓመት ፓርኪንጉ ውስጥ ያሉት መኪናዎች ጭረታቸው ጠፋ። ከዚያ የቆዳ ወንበር ያላቸው መጡ፣ ከዚያ ጣሪያቸው የሚከፈተው፣ ከዚያ ሹፌር ያላቸው ጥቋቁር ረጃጅሞች። ለማኑኤልም የገና ሰሞን የቸኮሌት ሣጥን ይወርድለት ነበር።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፣ ያለሱ ወሬዬ አይገባም። ያኔ ሰባ አንድ ቁጥር ውድድሩን ለምሥራቁ ጠረፍ በቀጥታ ያስተላልፍና፣ ለኛ ለምዕራቦቹ ከሦስት ሰዓት በኋላ ነው የሚያሳየን። ዋሽንግተን ያለው ዘመዳችን ጨፍሮ ጨርሶ ወደ ሥራው ሲመለስ እኛ ገና መነሻውን እንጠብቃለን። ስለዚህ ፌርፋክስ ላይ ሕግ ወጣ። የውድድር ቀን ስልክ አይነሳም፤ እንዲያውም ሊጀመር ሲል እትዬ ብርቄ የምግብ ቤቱን ስልክ ገመድ ከግድግዳው ትነቅለዋለች። ውጤት ያወቀ ሰው አፉን ይዘጋል፤ አምልጦት የተናገረ ቤቱን ሙሉ ሻይ ይጋብዛል። ትልቁ ችግር እኔ ነበርኩ። ጠዋት ፓርኪንግ ስሠራ የጣቢያው ልጆች እያወሩ ነው የሚወርዱት፤ አልሰማም ብል እንኳ «ማኑኤል፣ ያ ኢትዮጵያዊ ዛሬ ጉድ ሠራ» ብለው ቁልፋቸውን ይወረውሩልኛል። ሽፈራው መላ ዘየደ፤ የዘውዱ ፊት ያሳብቅብናል፣ ከፊት ሄዶ ጀርባውን ሰጥቶን ይቀመጥ አለ። ስንት ወር ሙሉ እንደተቀጣ ተማሪ ለብቻዬ ከቴሌቪዥኑ ሥር ተቀመጥኩ። ቀስ በቀስ ግን ፊቴን ገራሁት። ሯጮቻችን ቢወድቁም ቢነሱም፣ ቢቀድሙም ቢቀደሙም የኔ ፊት ግድግዳ ሆነ። ሽፈራው አንድ ቀን አገላብጦ አየኝና አሁን ገና ሰው ሆንክ ብሎ ወደ ጎኑ መለሰኝ። ምነው ያን ትምህርት ባልተማርኩት ኖሮ።

ሰፈሩ ገና የኢትዮጵያውያን ነው ተብሎ በሰሌዳ አልተጻፈለትም ነበር። ከኦሎምፒክ ጎዳና መታጠፊያ ጀምሮ ሁለት ምግብ ቤት፣ አንድ በርበሬና ሽሮ የሚሸጥ ሱቅ፣ አንድ ፀጉር ቤት፤ ቀሪው የሌላ ሰው የምንጣፍና የአሮጌ ዕቃ ሱቅ ነው። ዛሬ ሦስት ጊዜ ዞረህ የማታገኘውን ቦታ ያኔ እያማረጥክ ፓርክ ታደርጋለህ። ጥብስ ስድስት ዶላር፣ ጋዝ አንድ ዶላር ከምናምን፣ የስልክ ካርድ አምስት ዶላር፤ ካርዱ ደግሞ «እንደምን ከረማችሁ» ተብሎ ሳያልቅ የሚያልቅ። እትዬ ብርቄ ትከሻው በስፖንጅ ያበጠ፣ ቁልፉ ወርቃማ የሆነ ኮት ነበራት፤ እሱን ለብሳ ነው ወጥ የምታወጣው። እኔ ከማኑኤል ሸሚዝ ላይ ሹራብ ደርቤ ስሙን እደብቃለሁ። ሽፈራው ታክሲ የሚነዳበትን የቆዳ ጃኬት በሐምሌ ሙቀት እንኳ አያወልቅም። ከጓዳ በኩል አንድ የክራር ካሴት ሲዞር ይውላል፤ ክሩ ስለተሳበ ዘፋኙ የሚያቃስት ይመስላል፤ ግን ሌላ ካሴት የሚያመጣ ሰው ጠፋ። ውድድር ሲጀመር እሱም ይዘጋል።

ሽፈራው ለእናቱ አንድ ነው። ደሴ ነው ያደገው፤ እማማ ዘነቡ ለሰው ፈትል ፈትለው፣ በርበሬ ቀንጥሰው ለብቻቸው አሳድገውታል። ስልክ ስለሌላቸው እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ጎረቤት ቤት ይደውልና ያስጠራቸዋል። እሳቸው ከዚያ ደውለው እሱን ለማግኘት ያላቸው ቁጥር የእትዬ ብርቄ ምግብ ቤት ቁጥር ነው፤ የግማሻችን አድራሻ ያ ስልክ ነበር። ከእናቱ ቀጥሎ የሚወደው አሥር ሺህ ሜትርን ነው። ዙሩ ሃያ አምስት ነው፤ እሱም ሃያ አምስት የጥርስ መጎርጎሪያ እንጨት ቆጥሮ ጠረጴዛው ላይ ይደረድርና ዙር ባለቀ ቁጥር አንድ ይሰብራል። ቴሌቪዥኑ ላይ የሚያወራው ሰውዬ ዙር ተሳስቶ ያውቃል፣ ሽፈራው ተሳስቶ አያውቅም። እሁድ ሲደውል ደግሞ ሩጫውን ለእናቱ ዙር በዙር ይተርክላቸዋል። ካርዱ የሚያልቀው በዚያ ነው። እማማ ዘነቡ ሯጮቹን አንድም ቀን በዓይናቸው ሳያዩ፣ ማን በስንተኛው ዙር ላይ እንደሚያመልጥ ያውቁ ነበር።

የዚያን ቅዳሜ ዓመተ ምሕረቱን ተዉት። የዓመቱ ትልቁ ውድድር ነው፤ ሽፈራው የታክሲ ሥራውን ትቶ ወዳጆቻችንን ከየቤታቸው በማምጣት ላይ ነው። እኔ ከሥራ ወጥቼ ስደርስ ለእኩለ ቀን ግማሽ ሰዓት ይቀራል። እትዬ ብርቄ የስልኩን መነጋገሪያ በእጇ ይዛ ቆማለች፤ መስመሩ ተዘግቷል፣ እሷ ግን መልሳ አላስቀመጠችውም። ጎትታ ጓዳ አስገባችኝ። ከደሴ ተደውሎ ነበር፣ የጎረቤት ልጅ ናት። የሽፈራው እናት ጠንቶባቸዋል፣ የልጄን ድምፅ ልስማ ይላሉ፣ ቶሎ ይደውል ብላ መስመሩ ተቋረጠ።

ተያየን። ይህን የሌላ አገር ሰው ቢሰማው ምን ያስቸግራል፣ ልጁን ጠርታችሁ አታስደውሉትም? ይላል። የኛ ሰው ግን ያውቀዋል። ከአገር ቤት «ትንሽ አሟቸዋል» ከተባለ ተቀብረዋል ማለት ነው። «ጠንቶባቸዋል» ከተባለማ ዐርባቸውም ወጥቷል። የዚያው ምግብ ቤት ወጥ ሠሪ አባቷን ስምንት ወር ሙሉ «ጉንፋን ይዟቸው» ነበር፤ ሙት ዓመታቸው ሲቃረብ ነው የተነገራት። እኔም አክስቴን «ወገቧን አሟታል» ተብዬ ነው ያጣኋት። መርዶ በስልክ አይነገርም። ከዚያ የሚደውለው ጥቆማውን ሰጥቶ ይዘጋል፣ ቀሪው እዚህ ያለነው ሥራ ነው፤ ሰው ሰብስበን፣ ቄስ ይዘን፣ ጎህ ሲቀድ በር እናንኳኳለን። ስለዚህ ለኛ ነገሩ ያለቀ ነበር፤ እማማ ዘነቡ ሞተዋል። «በእውነት ታመው ቢሆንስ?» ያለ የለም፤ እኔም አላልኩ፣ እሷም አላለች። መልሰን ብንደውል እኮ አምስት ደቂቃ አይፈጅም ነበር።

እትዬ ብርቄ ዓይኗን በመሐረቧ ጠረገችና፣ በሕጋችን የማይጠየቀውን ጠየቀችኝ።

«የኛ ሯጭ አሸንፏል?»

«አሸንፏል» አልኳት።

«እንግዲያው ሽፈራው ይየው። ዛሬን ይደሰት፣ ነገ ያለቅሳል።»

ይህን ብላ ወደ ግድግዳው ሄደችና የስልኩን ገመድ ነቀለችው።

ሽፈራው መጣ፣ እንጨቱን ቆጥሮ ደረደረ፣ እኔ ከጎኑ ተቀመጥኩ። እንዴት ያለ ሩጫ ነበር መሰላችሁ። እስከ ሃያኛው ዙር ድረስ ሦስት ኬንያውያን እየተፈራረቁ ሲያደክሙት የኛው ልጅ ከኋላ አንገቱን ደፍቶ ይከተላል። ቤቱ በሙሉ ትንፋሹን ውጧል። ሽፈራው ሲጨንቀው መሐል ላይ ዞሮ ፊቴን አየ፤ አፍንጫው ፊቴን ሊነካ ምንም አልቀረው። ምንም አይታይበትም ብሎ ሳቀና ወደ ስክሪኑ ተመለሰ። እኔ ሁለት ውጤት ነው የያዝኩት፤ አንዱንም አላየብኝም። የመጨረሻው ዙር ደወል ሲደወል ልጁ ከኋላ ወጣ፤ ሽፈራው የመጨረሻዋን እንጨት ሰብሮ ወንበር ላይ ቆመ፣ አንገቴን አንቆ ሳመኝ፣ ጃኬቱን አውልቆ ጣለ። ጃኬቱን ሲያወልቅ ያየሁት ያን ቀን ነው። ነገ ለእማዬ ዙር በዙር ነው የማወራላት እያለ ለሰው ሁሉ ይናገራል። እትዬ ብርቄ መስማት ስላልቻለች ጓዳ ገባች። ሁሉም ከተበተነ በኋላ ስልኩን ልትሰካው ስትል ግን ያስተውኳት እኔ ነኝ፤ ሌላ ዘመድ ደውሎ እንዳያፈርጥበት እስከ ነገ ይቆይ አልኳት። ያቺ የጎረቤት ልጅ ስንት ጊዜ ደጋግማ ሞክራ እንደነበር እግዜር ነው የሚያውቀው።

እሁድ ጎህ ሲቀድ ሰባት ሆነን ዌስት አዳምስ ሰፈር ወደሚኖርበት አፓርትመንት ሄድን፤ ቄሱ ከፊት፣ እትዬ ብርቄ ፔርሙስና ምግብ ይዛ ከኋላ። በሩን ሲከፍት ሰባታችንን አየ። የኛ ሰው በዚያ ሰዓት ሰባት ሰው ደጁ ላይ ካየ ሌላ ንግግር አያስፈልገውም። እዚያው በሩ ሥር ተቀመጠ። ሲለቀስ፣ ሲጸለይ ቆየና፣ በግድ ልደውል አለ። ካርዱን ፍቄ ያን ሁሉ ቁጥር የመታሁለት እኔ ነኝ። ያነሱት አጎቱ ናቸው፤ ከገጠር የደረሱት በዚያው ንጋት ስለነበር ማን እንደደወለ፣ መቼ እንደደወለ አያውቁም። ሽፈራው ብዙ አዳመጠ። ስልኩን ዘግቶ ወደኛ ዞረ።

«ዛሬ ንጋት ላይ ነው አለኝ» አለ። «ከትናንት ጀምሮ ጎረቤት ቤት ስልኩ አጠገብ ነው የተኛችው። ሌሊቱን ሙሉ 'ስልኩ ጮኸ ወይ?' ስትል ነበር አለኝ።»

የደሴ ንጋት ለኛ የዋዜማው ምሽት ነው። እንጨት ሲሰብር፣ አንገቴን ሲያንቅ፣ ማታ ቤቱ ገብቶ እራቱን ሲበላ እናቱ በሕይወት ነበሩ። እትዬ ብርቄን አየኋት፤ ፊቷ ዐመድ መስሏል። ሽፈራው ያየው ግን እኔን ነው። እናንተ መቼ ሰማችሁ? አለኝ። ማታ ነው የደወሉት፣ ሁለት ሰዓት ካለፈ በኋላ አልኩት። ፊቴን አየ፤ ፊቴ የለመደውን አደረገ። እሱም አመነኝ። ከዚያ ጀምሮ ሐዘኑ አንድ ብቻ ሆነ። «ምን ነበረበት ቅዳሜ ብደውል? እሷ ስልክ ስትጠብቅ እኔ እንጨት እሰብራለሁ» ይላል፣ ደረቱን እየመታ። ሌላ አላለም፤ ሳልስቱንም እሱን ሲል ነው የዋለው።

ያንለት ልነግረው ይገባ ነበር። ሳልስቱ ይለፍ አልኩ፣ ዐርባው ይለፍ አልኩ፣ ተዝካሩ ይለፍ አልኩ። ውሸት ከከረመ እንደ ሲሚንቶ ነው፣ በእጅ አይነሳም። ሽፈራው ከዚያ በኋላ እንጨት ደርድሮ አያውቅም። ምግብ ቤቱ ይመጣል፣ ከጎኔ ይቀመጣል፣ ሩጫውን ያያል፤ ዙር ግን አይቆጥርም። በየዓመቱ የእናቱ ሙት ዓመት ሲደርስ ዝክር ያወጣና፣ ሰው በልቶ ጠጥቶ ሲበተን ወደኔ ዘንበል ይላል። «ስንት ሰዓት ላይ ነው የደወሉት ያልከኝ?» ይለኛል። ማታ ሁለት ሰዓት ካለፈ በኋላ እለዋለሁ። ሃያ ምናምን ዓመት እንዲሁ ጠየቀኝ፣ እኔም እንዲሁ መለስኩለት፤ አንድም ቀን አልተወላገድኩ። ለምን እንደሚጠይቀኝ አስቤ ነበር? አስቤያለሁ። አስቤም ተውኩት፤ ፈሪ ነኛ።

ሰባ አንድ ቁጥርም በዚያው ዘመን ቁልቁል ወረደ። መጀመሪያ ተሸጠ። የገዙት ሰዎች ሩጫ ማን ያያል ብለው አትሌቲክሱን አወጡት፤ በቦታው ከረባት ያሰሩ አራት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ስለ ትናንት ጨዋታ ሲጯጯሁ ይውላሉ። ሁለተኛ ሲሸጥ የቁማር ማስታወቂያ በዛ። ጥቋቁሮቹ መኪናዎች ጠፉ፣ ባለ ቆዳ ወንበሮቹ ጠፉ፣ ግማሹ ፓርኪንግ ባዶውን ይውላል። ሦስተኛው ባለቤት ሰዎቹን ወደ ሌላ ከተማ ወስዶ አራተኛው ፎቅ ላይ አንድ ማሽን ብቻ ትቶ ሄደ ሲባል ሰማሁ። ፓርኪንጉም ከዚያ ተማረ መሰለኝ፣ እኔን አስወጥቶ መክፈያ ማሽን ተከለ። የመጨረሻ ቀን የማኑኤልን ሸሚዝ አጥቤ፣ ተኩሼ መለስኩላቸው። ልጁ ተቀብሎ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ሲከተው ዓይኔ አየ።

እትዬ ብርቄ ከሦስት ዓመት በፊት ዐረፈች። ሆስፒታል ስጠይቃት ሄለንን ውሃ አምጪልኝ ብላ አስወጣችና እጄን ያዘች። እጇ አጥንት ብቻ ቀርቷል። «ንገረው» አለችኝ። እሺ አልኳት። ደገመችልኝ፤ አሁንም እሺ አልኳት። ቀበርናት፣ ዐርባዋን አወጣን፣ ሙት ዓመቷን ሦስቴ ዘከርን። ሽፈራው የእናቱን ቀን ጠብቆ ያን ጥያቄውን ሦስት ጊዜ ጠየቀኝ፤ ሦስት ጊዜ መለስኩለት።

እንግዲህ ሄለን ወደ ቀጠረችን ቅዳሜ ልመለስ። ሄለን ጠረጴዛውን ጠብቃልናለች። ቤቱ የኛ ቤት አይደለም አሁን፤ ግድግዳው ነጭ ሆኗል፣ ወጣቱ ስልኩን ፊቱ ላይ ደቅኖ ይበላል፣ ምግብ አመላላሾቹ በር ላይ ቆመው በቦርሳ ይቀበላሉ፣ የጾም በያይነቱ ብቻ እኛ ለአራት የበላንበትን ብር ያወጣል። ስልኩ ከነበረበት ግድግዳ ላይ ሁለት ቀዳዳ ቀርቷል፤ ቀለም ተቀብቶበታል፣ ግን ለሚያውቀው ሰው ይታያል። ሽፈራው በከዘራ ነው የመጣው። ያቺን የቆዳ ጃኬት ለብሷታል፤ እሱ አንሷል፣ እሷ ሰፍታለች። ተቀመጠና፣ ሄለንን የጥርስ መጎርጎሪያ አምጪልኝ አላት። ሃያ አምስት ቆጠረ። አንድ በአንድም ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው።

ምስሉ የድሮ ስለሆነ ጠባብ ነው፣ ግራና ቀኙ ጥቁር። ከሥሩ ያ ቢጫ ጽሑፍ ይሮጣል። ሩጫው ተጀመረ፤ ሽፈራው አንድ ሰበረ፣ ሁለት ሰበረ። አስተዋልኩት፣ ስክሪኑን አያይም። የቴሌቪዥኑ ሰውዬ ዙሩን ሲቆጥር ይሰማና እጁ ብቻውን ይሰብራል፤ ዓይኑ ያለው እኔ ላይ ነው። እኔ ሦስቱን ኬንያውያን አያለሁ፣ ልጁን አያለሁ፣ አንገቱን እንደደፋ ነው። አንድ እንጨት ስትቀረው ደወሉ ተደወለ፣ ልጁ ከኋላ ወጣ።

«ዘውዱ» አለኝ ሽፈራው። «ስንት ሰዓት ላይ ነው የደወሉት?»

አፌ የለመደውን ሊል ተከፍቶ ነበር። ግን ያ ሁሉ ሕዝብ ስክሪኑ ላይ ሲጮኽ ሰማሁ፤ ያን ቀን ከሱ ጋር አብሮ የጮኸው ሕዝብ ነው። ፊቴን መያዝ አቃተኝ።

«ከውድድሩ በፊት» አልኩት። «ግማሽ ሰዓት ሲቀረው። እኔና ብርቄ ሞተዋል ብለን ነው። ጠንቶባቸዋል ሲሉን... የኛን ወግ ታውቀዋለህ።»

አልደነገጠም። ስክሪኑ ላይ ልጁ ክሩን በደረቱ በጥሶ እጁን አነሳ።

«አውቀዋለሁ» አለ። «ብርቄ ነግራኛለች፤ እዚያው ሆስፒታል። 'ዘውዱ ራሱ ይነግርሃል፣ እስኪነግርህ ጠብቀው' አለችኝ። ጠበቅሁህ።»

ይቅርታ ልለው እጁን ልይዝ ስል ከጠረጴዛው አነሳው።

«ለዚያ ለቅዳሜው አይደለም» አለኝ። «እኔም ብሆን እንደሱ ነበር የማደርገው፤ ማንም የኛ ሰው ያደርገው ነበር። ግን ሃያ ዓመት ሙሉ ምነው ቅዳሜ በደወልኩ እያልኩ ፊትህ ሳለቅስ፣ አንተ ቁጭ ብለህ አየኸኝ።»

ከዘራውን ይዞ ተነሳ። ሄለን ምግቡን ይዛ ስትመጣ ለዘውዱ ተይለት አላት። በሩ ጋ ሲደርስ ቆም አለ፣ ሳይዞር «እደውልልሃለሁ» አለኝና ወጣ። የመጨረሻዋ እንጨት ሳትሰበር ጠረጴዛው ላይ ቀረች።

ወሩ አለቀ። ሰባ አንድ ቁጥር ባዶ ሰማያዊ ስክሪን ሆኖ ቀረ አለችኝ ሄለን፤ የኬብሉን ሳጥንም መልሳዋለች። ከልጄ ከሣራ ጋር ነው የምኖረው። መጀመሪያ ሰሞን ራሴ ልደውልለት ቁጥሩን እየመታሁ ሳልጨርስ እተወው ነበር፤ እደውልልሃለሁ ያለው እሱ ነው፣ መጠበቅ የኔ ነው። ስልኩን ኪሴ እይዘዋለሁ፣ ስታጠብ መስኮቱ ላይ አስቀምጠዋለሁ፣ ከሰዓት በኋላ ጋደም ስል ራስጌዬ ነው። አንዳንዴ ዕንቅልፍ ሸለብ ያደርገኝና ብንን እላለሁ። ሣራ ኩሽና ውስጥ ትንጎዳጎዳለች።

«ስልኩ ጮኸ ወይ?» እላታለሁ።

«አልጮኸም፣ አባዬ» ትለኛለች።